ሁለት ድራሞች በአንድ ቦይ

በአንድ አንጋፋ የቆዳ ፋብሪካ የሌሊት ፈረቃ ኬሚስት ሳለሁ፣ ከዕለታት በአንዱ ሌሊት ሁለት ድራሞች (ሌጦ ከኬሚካልና ከውሃ ጋር የሚሽከረከርባቸው ትልልቅ በርሜሎች) በአንድ ጊዜ ወደ አንድ ቦይ ተከፈቱ። አንደኛው የሌጦው ፀጉር የሚነቀልበት፣ ኖራና ሶዲየም ሰልፋይድ ያለበት ነበር፤ ሌላው ቆዳው ክሮም በሚባል የማልፊያ ኬሚካል የሚለፋበት በመሆኑ ውሃው አሲድነት ነበረው። ሰልፋይድ ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የተባለ መርዛማ ጋዝ ይፈጠራል። ጋዙ መጀመሪያ እንደ ገማ እንቁላል ይሸታል፤ ሲበረታ ግን አፍንጫን ስለሚያደነዝዝ፣ ሰው ሽታው ጠፋ ብሎ በተረጋጋበት ቅጽበት ይወድቃል። የቦዩን ክዳን ሊያነሣ ያጎነበሰው ባልደረባችንም ድምፅ ሳያሰማ ተንበረከከ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ፈጥነን ወደ ንጹሕ አየር አወጣነውና በሦስተኛው ቀን ከሆስፒታል ወጣ።

በማግስቱ በተደረገው ስብሰባ ጭንብል እንዲገዛና ማስጠንቀቂያ እንዲለጠፍ ተወሰነ። እኔን ያልተዋጠልኝ ግን ድራሞቹ አንድ ላይ የተከፈቱበት ምክንያት ነበር። የፈረቃው ማበረታቻ የሚሰላው በሌሊቱ ከድራም በወጣው ሌጦ ብዛት ስለነበር፣ አንዱ ቦዩን ለቅቆ እስኪጨርስ ሌላው ይጠብቅ ማለት ከደመወዙ ላይ መቀነስ ነበር። የብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ከወጣ ዓመታት አልፈዋል፤ የፍሳሽ ማጣሪያ ገንዳም በግቢው ጥግ ተሠርቷል። ነገር ግን አስተዳደሩ ገንዳውን የሚያየው ለመንግሥት እንደሚከፈል ግብር ነበር፤ ሥራው የሚለካው በብዛት እስከሆነ ድረስ ገንዳው የሥራው አካል ሊሆን አይችልም ነበር።

ስለዚህ የመጋዘኑን ቢን ካርድ (የዕቃው ገቢና ወጪ የሚመዘገብበትን) እና የላቦራቶሪ ውጤቴን ጎን ለጎን አስቀምጬ ለሥራ አስኪያጁ አቀረብኩ። በተለመደው አሠራር ቆዳው ከሚገባለት ክሮም የሚይዘው ከ60 እስከ 70 በመቶውን ያህል ብቻ ነው፤ በውጭ ምንዛሪ የገዛነው ቀሪው በቦዩ ይፈስሳል። ከክሮሙ ድራም የቀረውን አረንጓዴ ውሃ በርሜል ውስጥ በማግኒዥየም ኦክሳይድ አማስለን ፒኤቹን (የአሲድነቱን መለኪያ) ወደ 8 ተኩል ስናደርሰው፣ ሲነጋ ከላይ የጠራ ውሃ፣ ከታች የበሰለ ጎመን የመሰለ ዝቃጭ አገኘን። ዝቃጩን በሰልፈሪክ አሲድ አሟሙተን መልሰን አለፋንበት። የመጀመሪያው ቆዳ ከሌጦው የመጣ ስብ አብሮ ስለነበረ ነጠብጣብ አወጣ፤ ውሃውን አስቀድመን ማጥለልና ከአዲስ ክሮም ጋር መቀላቀል እስክንለምድ ድረስ ብዙ ሌጦ ለገበር ዋለ።

አስተዳደሩን ያሳመነው ግን የእኔ ወረቀት አልነበረም። ኤልሲ (ከውጭ ለሚገዛ ዕቃ ባንክ የሚከፍተው የክፍያ ዋስትና) ዘግይቶ መጋዘኑ ባዶ በቀረበት ሰሞን፣ ከዝቃጭ በተገኘው ክሮም ሁለት ድራም ሳይቆም መሥራቱን ሥራ አስኪያጁ በዓይናቸው አዩ። ከዚያ በኋላ የሰልፋይዱና የክሮሙ ቦይ በግንብ ተለየ፤ ማበረታቻውም በሌጦ ቁጥር መሆኑ ቀርቶ፣ ለእያንዳንዱ ስኩዌር ፊት ያለቀለት ቆዳ በዋለው ክሮምና ውሃ እንዲሰላ ተደረገ። ከፋብሪካው ለውጦች ሁሉ ትልቁ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ድራም ከመክፈቱ በፊት «ያኛው አልቋል ወይ?» ብሎ የሚጠይቀው ኦፕሬተሩ ራሱ ሆኗል።

የጨው ነገር ግን አልተፈታም። ሌጦው እንዳይበላሽ ተነስንሶበት የሚመጣው ጨው በማጣሪያው አልፎ ወደ ወንዝ ይወርዳል፤ ሌጦን ከቄራ ሳይጨው ቶሎ ለመረከብ ከአቅራቢዎች ጋር የጀመርነው ንግግር እኔ ሥራውን እስከለቀቅሁበት ቀን አልተቋጨም ነበር።