ሥዕሉ የልጁ ነው

በጎርፍ ለተፈናቀሉ ሰዎች በተሠራ መጠለያ ውስጥ የልጆች ሥዕል ድንኳን አስተባብራለሁ። ስሙ ሲጠራ ትልቅ ነገር ይመስላል። ገብቶ ላየው ምንጣፍ፣ ወረቀት፣ ከለርና ጫጫታ ነው። ሁሌ ቀድሞ የሚያልቅብን ቡናማው ነው። አንዱ ልጅ ወረቀቱን ከዳር እስከ ዳር ቡናማ ይቀባል። ከለሩ እስኪሰበር ይጫነዋል፤ ከዚያ ስባሪውን አንስቶ ይቀጥላል። ምን እንደሆነ አልጠይቀውም። አጠገቡ ቁጭ ብዬ የራሴን እሞነጫጭራለሁ። ደስ ካለው «ይሄ ውሃው ነው» ይለኛል። ካላለውም ዝም።

አዲስ በጎ ፈቃደኞች እዚህ ላይ ይቸኩላሉ። «እስቲ የሆነውን ንገረኝ» ብለው ያፋጥጡታል። የዓለም ጤና ድርጅት ከአጋሮቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣው የመጀመሪያ የሥነ ልቦና እርዳታ መመሪያ ሰውን ያለ ፍላጎቱ አታናግሩ ይላል። መርሁ ሦስት ቃል ነው፦ እይ፣ አዳምጥ፣ አገናኝ። ማገናኘት ማለት ብርድ ልብስ የሌለውን ብርድ ልብስ ወደሚገኝበት መውሰድም ነው። የራበው ልጅ በሥዕል አይረጋጋም።

እኔ ቴራፒስት አይደለሁም። እንቅልፍ ያጣ ወይም መናገር ያቆመ ልጅ ሳይ በየሳምንቱ ለምትመጣው ባለሙያ እነግራለሁ። ሥዕል መተርጎም የሚያምረው ሰው ግን ሞልቷል። ጥቁር ያነሳ ሁሉ አዝኗል ማለት አይደለም፤ አንዳንዴ ቀዩ ሌላ ልጅ እጅ ላይ ስለሆነ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ከካትሪና አውሎ ነፋስ በኋላ አሜሪካ፣ ሉዊዚያና ግዛት ውስጥ ተጠልለው የነበሩ አንዳንድ ልጆች ቤት ሳሉ ሲባሉ ሦስት ማዕዘን ብቻ ይስሉ ነበር። ግድግዳ የለው፣ በር የለው። ጣሪያ ነው። ውሃው ሲሞላ ብዙ ሰው ነፍሱን ያተረፈው ጣሪያ ላይ ወጥቶ ነበር። ይህን ያላወቀ ሰው «ልጁ መሳል አይችልም» ብሎ ያልፋል።

አንዴ ደግሞ የሸክላ ጭቃ መጣልን። ቤታቸውን ጭቃ የወሰደባቸው ልጆች እጃቸውን እንኳ አላስጠጉም። በጨርቅ ቁርጥራጭ ተካነው፤ እናቶችም መርፌ ይዘው ገቡ።

እኔን የሚያበግነኝ ፎቶው ነው። ጎብኚ ይመጣል፣ በጣም የሚያስፈራውን ሥዕል መርጦ ያነሳል፣ ለለጋሾች ሪፖርት ይልካል። ልጁን ማን ጠየቀው? አሁን ሥዕሎቹን በየልጁ ፋይል አድርገን እንቆልፍባቸዋለን። ባለቤቱ ሲፈልግ ይወስደዋል፣ ሲፈልግ ይቀደዋል። ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ደግሞ ካሜራም ሆነ ስልክ በር ላይ ይቀራል። ቅር ያላቸው አሉ። ይበላቸው።