1,320 ዶላር ጠብቄ 528 ያገኘሁበት የውሃ ማሞቂያ

በ2024 ብርዱ ሊገባ ሲል የቤታችን የውሃ ማሞቂያ ፈንድቶ ቤዝመንቱን ውሃ ሞልቶት አደረ። አዲስ ሊገጥም የመጣው ሰውዬ «ሂት ፓምፕ ያለውን ውሰድ፤ መንግሥት 30 በመቶውን ይመልስልሃል» አለኝ። ሂት ፓምፕ ማለት ከአየር ላይ ሙቀት ስቦ ውሃውን የሚያሞቅ ነው። ሰውዬው ያለው ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት ኃይል ቆጣቢ ዕቃ ላስገጠመ ሰው ይሰጠው የነበረውን የታክስ ክሬዲት፣ ማለትም ከታክስ ላይ የሚነሳ ቅናሽ ነው። «ይመልስልሃል» የምትለዋን ቃል ያዙልኝ። ጉድ የሠራችኝ እሷ ናት።

ማሞቂያው ከነእጅ ዋጋው 4,900 ዶላር ወጣበት። ለዚህ ዕቃ ክሬዲቱ ሲሰላ የእጅ ዋጋም ይታሰብ ነበር። የመብራት ድርጅቱ 500 ዶላር ሪቤት (ተመላሽ) ሰጠን። ሪቤቱ ከዋጋው ቀድሞ ይቀነስ ነበር። የቀረው 4,400 ነው፣ 30 በመቶው ደግሞ 1,320። የክሬዲቱ ጣሪያ በዓመት 2,000 ስለነበር አላለፍኩም። ባለቤቴ «እግረ መንገዳችንን ፍሪጁንም እንቀይር» አለችና ኤነርጂ ስታር (የኃይል ቆጣቢነት ምልክት) የተለጠፈበት ገዛን። ለፍሪጅ ሰባራ ሳንቲም የለም። ለልብስ ማጠቢያም እንደዚያው። ምልክቱ አያታልላችሁ።

ክሬዲቱን ለመጠየቅ የሚሞላው ፎርም 5695 ነው፣ ሁለተኛው ክፍል። አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

አሁን ወደ ንዴቴ ልምጣ። እኔ በአፕ የምሠራ ሾፌር ነኝ። በዚያ ዓመት ለሥራ የነዳሁት ማይል (ማይሌጁ) እንደ ወጪ ተቀንሶ 38,500 ዶላር ቀረኝ። ባለቤቴ ሥራ አልነበራትም፣ ልጆቻችን አድገው ወጥተዋል። የዓመቱ ታክሴ 6,000 ገደማ ነበር። 1,320ው ከዚያ ላይ ይነሳል ብዬ ተዝናንቼ ታክስ የሚሠራልኝ ሰው ጋ ሄድኩ። ስክሪኑ ላይ ክሬዲቱ 528 ይላል።

«ኮምፒውተሩ ተሳስቷል» አልኩት።

«አልተሳሳተም» አለኝ፣ ቀና ብሎም ሳያየኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከ6,000ው ውስጥ 5,440 የሚሆነው ሰልፍ ኢምፕሎይመንት ታክስ ነው፤ ለራሱ የሚሠራ ሰው የሚከፍለው፣ ለሶሻል ሴኩሪቲ (ለጡረታ) እና ለሜዲኬር (ለአረጋውያን ሕክምና) የሚሄደው 15.3 በመቶ። ኢንካም ታክስ (የገቢ ግብር) የሚባለው 528 ብቻ ነው። ክሬዲቱ ደግሞ የሚነካው ኢንካም ታክስን ብቻ ነው። ያንን ዜሮ ካደረገ በኋላ የተረፈው አይመለስም፣ ለሚቀጥለው ዓመትም አይተላለፍም። ለሶላር ፓነል የነበረው ክሬዲት ይተላለፋል፤ የዚህኛው አይተላለፍም። ምክንያቱ የገባው ሰው ካለ ያስረዳኝ። 792 ዶላሬ በዚያው ቀረ።

«ለምን ቀድመህ አልነገርከኝም?» አልኩት።

«አንተስ ሳትገዛ ለምን አልጠየቅከኝም?»

ጠይቄው ነበር እኮ! በስልክ «ለሂት ፓምፕ ክሬዲት አለ ወይ?» ስለው «አዎ አለ» ብሎኝ ዘጋው። ግን በእሱ ብቻ አልፈርድም። የታክስ መሥሪያ ቤቱ አይአርኤስም ካለብህ ታክስ በላይ አታገኝም ብሎ ጽፏል፣ አንብቤዋለሁም። እኔ ያለብኝ ታክስ ደግሞ 6,000 ነዋ! የትኛው ታክስ እንደሆነ ለሾፌርና ለባለ ሱቅ ለይቶ የነገረን ሰው የለም።

ይበልጥ የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ባለቤቴ በ2025 መጀመሪያ ሥራ ገባች። የሚታየው የተከፈለበት ቀን ሳይሆን ዕቃው የተገጠመበት ዓመት ነው። ሁለት ወር በድስት ውሃ እያሞቅን ብንታጠብ ኖሮ ሙሉው 1,320 ይገባልን ነበር።

ክሬዲቱ አሁን ቆሟል። በጁላይ 2025 የወጣው ሕግ ከዲሴምበር 31፣ 2025 በኋላ ለተገጠመ ዕቃ ከልክሎታል። አሁንም «30 በመቶ» እያለ የሚሸጥላችሁ ካለ በሩን ዝጉበት። ከ2023 እስከ 2025 አስገጥማችሁ ያልጠየቃችሁ ካላችሁ ግን በማስተካከያው ፎርም በ1040-ኤክስ ታክሱን ማስተካከል ይቻላል፤ ጊዜው ብዙውን ጊዜ ፋይል ካደረጋችሁበት ሦስት ዓመት ነው። ከዚያ በፊት የዚያን ዓመት 1040 (የታክስ ፎርማችሁን) አውጥታችሁ ኢንካም ታክሱ ያለበትን መስመር 18ን እዩ። ጠቅላላ ታክሱ ያለበትን መስመር 24ን ያሳበጠው የእኔ ዓይነት ሰልፍ ኢምፕሎይመንት ታክስ ሊሆን ይችላል። መስመር 18 ላይ ካለው በላይ አታገኙም፣ ማንም ምንም ቢላችሁ።

ማሞቂያው ራሱ ግን ግሩም ነው፤ የመብራት ቢላችን ቀንሷል። የአክስቴ ልጅም ያንኑ ዓይነት በ2023 አስገጥሞ ነበር። እሱ ደመወዝተኛ ስለሆነ ሙሉውን ወስዷል። ቤታችን በመጣ ቁጥር ቤዝመንት ወርዶ ያየውና «የ792 ዶላሩ ማሞቂያ እንዴት ነው?» ይለኛል።