ከኤም3 ላይ የመጣው ጎሚኒ

መኪናዬ በፈረንጆቹ 1989 የተሠራች ቢኤምደብሊው 325አይ ናት። እዚህ ቨርጂኒያ ይህን ሞዴል የምንወድ ሰዎች በፋብሪካ ስሟ ኢ30 እንላታለን። የእግር ሥራ ሊያሠራ ያሰበ ሰው ሲያማክረኝ አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚያነሳው አጭር ሞላ ገዝቶ ዝቅ ማድረጉን ነው። የእኔ መልስ ሁሌም አንድ ነው፤ ሞላው ይደርሳል፣ መጀመሪያ ካስተሩን ያዙ።

አላይመንት ሲባል ሦስት ነገር ይለካል። ቶ የሚባለው ጎማዎቹ ከላይ ሲታዩ አፍንጫቸው ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ መዞሩ ነው። ካምበር ደግሞ ከፊት ሲታይ የጎማው አናት ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ማጋደሉ። ካስተር ከጎን የሚታይ ነው። ብስክሌት ላይ መሪው የሚዞርበት ብረት አናቱ ወደ ነጂው እንዳጋደለ ልብ በሉ። መኪናም እንደዚያው ነው። ማጋደሉ ሲጨምር ጎማው ራሱን ቀጥ ማድረግ ይወዳል።

ቶ በቴስቲና፣ ማለትም መሪውን ከጎማው በሚያገናኘው ዘንግ ጫፍ፣ ይስተካከላል። ኢ30 ላይ ግን ለፊት ካምበርና ካስተር ፋብሪካው ማስተካከያ አላደረገም። አላይመንት ቤት ስትሄዱ ባለሙያው ቁጥሩን ያሳያችሁና "ይሄ አይነካም" ይላችኋል። ልክ ነው። ያለው አማራጭ ዕቃ መቀየር ነው።

ደግነቱ ዕቃውን ቢኤምደብሊው ራሱ ሠርቶታል። ኤም3፣ የኢ30 የስፖርት ዓይነት፣ በፈረንጆቹ 1986 ወደ ምርት ስትገባ ለእሽቅድምድም ታስባ ስለነበር የፊት እግሯ ከሌሎቹ ኢ30ዎች ተለየ። የጎማ ኩሽኔታዋ ከኢ28፣ ማለትም ከያኔው 5 ሲሪስ፣ የተወሰደ ነው። ፋብሪካው ራሱ ከአንዱ ሞዴል ወደ ሌላው ዕቃ ሲያዘዋውር ማየት ደስ ይለኛል። የኤም3ን የፊት እግር እንዳለ ላምጣ ካላችሁ ግን ሥራው ይሰፋል። ኤም3 ቸርኬዋ በ5 ቡሎን ይታሰራል፣ የእኛ በ4። የቡሎኖቹ ክብም 120 ሚሊ ሜትር ነው፣ የእኛ 100። ስለዚህ ፍሬኑ፣ ቸርኬው፣ የኋላው እግር ሳይቀር አብሮ መቀየር አለበት።

አንድ ትንሽ ዕቃ ግን ምንም ሳያስቀይር ይገባል፤ ጎማውን ከመኪናዋ አካል ጋር የሚያይዘው ብረት፣ የአርሙ፣ የኋላ ጎሚኒ፣ ማለትም የላስቲክ ማቀፊያው። የተራዋ ኢ30 ጎሚኒ ቀዳዳው መሃል ላይ ነው። የኤም3ው ከመሃል ፈቀቅ ያለ ነው። የኢ30 አርም ማጭድ ይመስላል። አንዱ ጫፉ ጎማው ጋ፣ መካከሉ ሞተሩ ሥር ካለው ብረት ጋ፣ የኋላ ጫፉ ደግሞ በዚህ ጎሚኒ በኩል ቦዲው ላይ ይታሰራል። ፈቀቅ ያለው ቀዳዳ የኋላውን ጫፍ ወደ ውጭ ሲገፋው፣ አርሙ መካከሉ ላይ ዞሮ ጎማው ጋ ያለውን ቦል ጆይንት፣ ማለትም ክቡን መጋጠሚያ፣ ወደ ፊት ይወስደዋል። ከታች ያለው ወደ ፊት ሲሄድ ከላይ ያለው ባለበት ይቀራል። ካስተር ጨመረ ማለት ነው።

ልዩነቱ አይ-95 አውራ ጎዳና ላይ ወዲያው ይታወቃል። መሪው መሃሉን አይለቅም፤ ከታጠፈም ለቀቅ ሲያደርጉት በራሱ ይመለሳል። ከሁሉ የምወደው ከአውራ ጎዳና መውጫው ጥምዝ ላይ ነው። መሪው ሲዞር ካስተሩ የውጪኛውን ጎማ አናት ወደ ውስጥ ያጋድለዋል፤ ጎማው በጠርዙ ሳይሆን በሙሉ ፊቱ አስፋልቱን ይይዛል። ቋሚ ካምበር ብትጨምሩ ያንኑ ታገኛላችሁ፤ ግን ቀጥ ብላችሁ ስትነዱም የጎማው የውስጥ ጠርዝ ይበላል። ካስተር የሚሰጠው ካምበር ስትታጠፉ ብቻ ነው የሚመጣው። መሪው ትንሽ ይከብዳል፣ በተለይ ፓርክ ስታደርጉ። እኔ ግን ከብዶ የሚናገር መሪ ይሻለኛል።

ስትገጥሙ ዘይትና ግሪስ ወደ ጎሚኒው አታስጠጉ፤ ላስቲኩን ይበላዋል። የሳሙና ውሃ ይበቃል። ቀዳዳው ፈቀቅ ያለ ስለሆነ አቅጣጫው ወሳኝ ነው፣ ምልክቱን አይታችሁ ግራና ቀኙን አመሳስሉ። ከተገፋ በኋላ ሳሙናው ሳይደርቅ መኪናዋን ከክሪክ አውርዳችሁ በራሷ ክብደት አስቁሟት። ጎሚኒው አርሙን የሚይዘው በዚያ ከፍታ ላይ ነው። ጎማው አየር ላይ ተንጠልጥሎ ከደረቀ ላስቲኩ ዕድሜውን ሙሉ ተጠምዝዞ ይኖራል፣ ቶሎም ይቀደዳል። ቦል ጆይንቱ ቦታ ስለቀየረ ቶው ይዛባል፤ በዚያው ሰሞን አላይመንት ቤት ግቡ። ካስተሩንም ይለኩላችሁ። ጎማውን ወደ ግራም ወደ ቀኝም አዙረው ስለሚለኩት ጊዜ ይወስዳል፤ አንዳንዶች ይዘሉታል፣ እናንተ ግን ጠይቁ።

አዲስ አበባ ያሉ ጓደኞቼ "ለኮሮላስ?" ይሉኛል። ለየትኛው ኮሮላ የትኛው አርም እንደሚሆን ከዚህ ሆኜ አልናገርም። ግን ሶማሌ ተራ ስትሄዱ የራሳችሁን አሮጌ አርም ይዛችሁ ሂዱ። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጡና ከቀዳዳ እስከ ቀዳዳ፣ ከቀዳዳ እስከ ቦል ጆይንት በሜትር ለኩ። "ይገባል" ማለትና ልክ ነው ማለት ይለያያሉ። ግራና ቀኙንም ከአንድ ሞዴል ግዙ። በጥቂት ሚሊ ሜትር ከተለያዩ መኪናዋ ካስተሩ ወዳነሰበት ጎን ትስባለች፣ ያንን ደግሞ ቶ ብታስተካክሉ አይድንም። አርሙን በእሳት አሙቀን እናቃናልሃለን የሚል ካጋጠማችሁ አይሆንም በሉ። ብረቱ ጥንካሬውን ያጣል፤ የፊት ጎማችሁን ደግሞ የያዘው እሱ ነው።