ጃምቦ ብርጭቆን በረዶ ማልበስ

ይህን የምጽፈው ሁለት ጃምቦ፣ ያንን ባለ እጀታ ትልቅ የቢራ ብርጭቆ፣ ካጠፋሁ በኋላ ነው። አንዱ ፍሪዘር ውስጥ ተሰነጠቀ። የሁለተኛው እጀታው ብቻ እጄ ላይ ቀረ፣ ሆዱ እዚያው ከመደርደሪያው ጋር ተጣብቆ። ሳቅኩኝ፣ ምን ላድርግ?

ነገሩ ሲያዩት ምንም የለውም። ብርጭቆውን ፍሪዘር ውስጥ መክተት፣ መጠበቅ፣ ማውጣት። እኔም እንዲያ መስሎኝ ነበር።

የመጀመሪያው ጥፋቴ ችኮላ ነው። ብርጭቆውን በሙቅ ውሃ አጥቤ፣ ገና እንፋሎቱ ሳይበርድ ፍሪዘር ውስጥ ወሸቅኩት። ትንሽ ቆይቶ "ጧ!" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ብርጭቆ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፤ ግን ወፍራም ከሆነ ሁሉም ቦታው እኩል አይቀዘቅዝም። ላዩ ሲኮማተር ውስጡ ገና ትኩስ ነው፣ እንደዚያ ሲጓተቱ ይሰነጠቃል። ጃምቦ ደግሞ ታቹ ድፍን ነው፣ እጀታው የተጋጠመበትም ቦታ ወፍራም ነው። የኔው ስንጥቅ ከታች ተነስቶ እስከ እጀታው ሄዷል። ስለዚህ ታጥቦ ይቀዝቅዝ፣ ለብ ሲል ሳይሆን በእጅ ሲይዙት ሙቀቱ ጨርሶ ሲጠፋ።

ሁለተኛው ስንፍና ነው። ውሃው ይንጠፍጠፍ ብዬ ገልብጬ አስቀመጥኩት። ውሃው ወርዶ አፉ ላይ ተጠራቀመ፣ እዚያው በረዶ ሆኖ ከመደርደሪያው ጋር ሰፋው። እኔ ደግሞ በእጀታው ሳብኩ። ሁሌም አፉን ወደ ላይ አድርጋችሁ አስቀምጡት።

አሁን ወደ ዋናው። ያ ነጭ በረዶ የሚመጣው በሁለት መንገድ ነው። አንዱ ብርጭቆውን በቀዝቃዛ ውሃ ነክሮ፣ አራግፎ፣ እርጥብ እንዳለ ማስገባት ነው። ይሄ ፈጣን ነው፣ ግን ካላራገፋችሁት ጠብታው እንደተንጠለጠለ በረዶ ይሆንና ብርጭቆው ጉብጉብ ያለ ይሆናል፣ ነጭም አይሆን። ሌላው ደረቁን አስገብቶ በደንብ እስኪቀዘቅዝ መተው ነው። ሲወጣ አየሩ ውስጥ ያለው እርጥበት ራሱ መጥቶ ላዩ ላይ ይለጠፋል፣ በብርድ ሌሊት ሣር ላይ እንደሚያድረው አመዳይ። እዩት አንዴ፤ ከታች ጀምሮ ጭጋግ ይመስላል፣ ከዚያ ይነጣል፣ ከዚያ በጥፍር ስም መጻፍ ይቻላል። እኔ ይሄኛውን እወዳለሁ። አየሩ ደረቅ ከሆነ ግን ብዙም አይነጣም፣ ያኔ ማርጠብ ነው።

የምታረጥቡት ግን ውጪውን ብቻ! ይሄን ማንም አልነገረኝም። ውስጡ ላይ በረዶ ካለ ቢራው ሲነካው ያብዳል። የበረዶው ሻካራ ጫፍ ለጋዙ መውጫ ይሆነዋል፣ አረፋው ይነሳል፣ ይፈሳል። የመጀመሪያ ቀን ግማሽ ብርጭቆ አረፋ ነው የጠጣሁት። ስለዚህ ውስጡን በንጹሕ ጨርቅ አድርቁት፣ ከፍሪዘር ሲወጣ ሳትቆዩ ቅዱ፣ ብርጭቆውን ዘንበል አድርጋችሁ፣ ቀስ ብላችሁ።

ስንት ሰዓት ይቆይ? የቤት ፍሪዘር አብዛኛውን ጊዜ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ ነው የሚሠራው። ቀጭን ብርጭቆ ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል። ጃምቦ ግን ሁለት ሰዓት ስጡት፣ ቢያድር ደግሞ ይሻላል።

አንድ ነገር ላስቀይማችሁ ነው፦ ነጩ በረዶ ጌጥ ነው። ቢራውን የሚያቀዘቅዘው የብርጭቆው ክብደት ነው። ተቀምጬ አስልቼዋለሁ። 600 ግራም የሚመዝን ብርጭቆ ከዚያ ፍሪዘር ወጥቶ 5 ዲግሪ የሆነ ግማሽ ሊትር ቢራ ቢቀዳበት፣ ቢራው ከ1 ዲግሪ በታች ይወርዳል። 250 ግራም በሆነ ቀጭን ብርጭቆ ግን 3 ዲግሪ ገደማ ላይ ይቆማል። ይህ በወረቀት ነው፤ እጃችሁና የክፍሉ አየር የራሳቸውን ድርሻ ይወስዳሉ። ብቻ ከባዱን ምረጡ። እጀታውም ለዚህ ነው የሚጠቅመው፣ መዳፍ ሆዱን እንዳይነካው።

ሁሉም ቢራ ይሄን ይፈልጋል ማለት አይደለም። ላገር የሚባለው ቀለል ያለ ቢራ ይስማማዋል። ጥቁር፣ ወፍራም፣ መዓዛው የሚጠጣ ቢራ ግን በዚህ ብርድ ይደነዝዛል፣ ምላሳችሁም አብሮ ይደነዝዛል። ገንዘብ ከፍላችሁ የገዛችሁትን ጣዕም ለምን ትቀብሩታላችሁ?

የሽታው ነገር ደግሞ አለ። ፍሪዘር ውስጥ ዓሣ ወይም የተከተፈ ሽንኩርት ካለ በረዶው ሽታውን ይይዛል፣ ከንፈራችሁ የሚያገኘው እሱን ነው። ብርጭቆውን በንጹሕ ፌስታል ጠቅልሉት። ኖ ፍሮስት የሚባለው ዓይነት ፍሪዘር ያላችሁ ደግሞ ፌስታሉ በሌላም ይጠቅማችኋል፤ ውስጡ የሚነፍሰው ደረቅ አየር የለበሰውን በረዶ በቀናት ውስጥ ሙልጭ አድርጎ ይወስደዋል።

እንግዳ ድንገት ቢመጣስ? ሳፋ ውስጥ በረዶና ውሃ ቀላቅሎ ብርጭቆውን ማጥለቅ። አይነጣም እንጂ በአሥር ደቂቃ ይቀዘቅዛል። ጠርሙሱን ራሱን ፍሪዘር ውስጥ ከትቶ መርሳት ግን አይሆንም፤ ውሃ በረዶ ሲሆን 9 በመቶ ገደማ ይሰፋል፣ ቀሪውን ፍሪዘሩን ስታጸዱ ታዩታላችሁ።

እኔ አሁን ሁለት አስቀምጣለሁ፣ አፋቸው ወደ ላይ፣ በፌስታል። አንዱ ላብ በላብ ሲሆን ሌላው ይወጣል። ያ እጀታ የሌለው ደግሞ ፍሪዘሩ ሲጠፋ ተላቆ ወጣ፤ ስብራቱን ወደ ግድግዳ አዙሬ እስክሪብቶ አስቀምጬበታለሁ።