የአባቴ ላዳና የእኔ ስፓይደር

መኪናዋን የገዛኋት ማታ፣ ለዚያውም በዝናብ ነው። የታክሲ ሹፌር ልጅ ሆኜ ይህን ማድረጌ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። አባቴ «እርጥብ መኪና ሁሉ አዲስ ይመስላል» ሲሉ እየሰማሁ ነው ያደግሁት።

የ1977 ሥሪት ፊያት 124 ስፖርት ስፓይደር ናት፤ ቀይ፣ ሁለት በር ያላት፣ ጣሪያዋ ታጥፎ የሚወርድ ሸራ። እዚሁ ሜሪላንድ ውስጥ፣ በአንድ ሽማግሌ የእርሻ መጋዘን 14 ዓመት ቆማ ነበር። 2,800 ዶላር ከፍዬ በተጎታች አመጣኋት። ባለቤቴ በመስኮት አይታ «ይህቺ ነገር ትነዳለች?» አለችኝ። «ለፋሲካ ቤተ ክርስቲያን የምንሄደው በእሷ ነው» አልኳት። የትኛው ፋሲካ እንደሆነ ባለመናገሬ ዛሬ ደስ ይለኛል፤ መኪናዋ በራሷ ጎማ ከግቢ የወጣችው በሦስተኛው ነው።

ስለ መኪናዋ ትንሽ ልበል። ስፓይደር ለመጀመሪያ ጊዜ የታየችው በ1966 የቱሪን የመኪና ትርኢት ነው (ዓመታቱን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ቅርጿን የነደፈው ፒኒንፋሪና በተባለው የጣሊያን የመኪና ንድፍ ኩባንያ ውስጥ ይሠራ የነበረው አሜሪካዊው ቶም ቻርዳ ሲሆን ሞተሯ ደግሞ ቀደም ሲል ለፌራሪ ሞተር ይነድፍ የነበረው የአውሬሊዮ ላምፕሬዲ ሥራ ነው። እስከ 1985 ድረስ ወደ 200 ሺሕ የሚጠጉ ተሠርተው አብዛኞቹ የተሸጡት አሜሪካ ውስጥ ነው። አሜሪካውያን ወደዷት፤ በዚያው ልክ ተማረሩባት። የፊያትን (FIAT) አራት ፊደላት ዘርዝረው «Fix It Again, Tony»፣ ማለትም «ቶኒ፣ እንደገና ጠግናት» እያሉ ይቀልዱ ነበር። ስለዚህ እዚህ አገር አሮጌ ስፓይደር ማግኘት አይከብድም፤ የሚከብደው ያልዛገች ማግኘት ነው።

የእኔዋ ዝጋለች። በማግስቱ ፀሐይ ስትወጣ ኮፈኑን ከፈትኩና የፊት ሾክ አብዞርበር ከላይ የሚታሰርበትን ብረት በካቻቪቴ ጫፍ ነካ አደረግሁት። ካቻቪቴው እንደ ቆየ ድፎ ዳቦ ሰንጥቆት ገባ። ሳወጣው ቡናማ ዱቄት ተከትሎት ፈሰሰ። በሌላው በኩል ሞከርኩ፤ ያው ነው። ምንጣፉን ገልጬ ወለሉን ባየሁት ጊዜ በሹፌሩ እግር ሥር የጋራዤ ሲሚንቶ ቁልጭ ብሎ ታየኝ። በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ሥራውን ጨርሷል። በኋላ እንደተረዳሁት የእነዚያ ሁለት የፊት ብረቶች ዝገት የዚህች መኪና የታወቀ በሽታ ነው፤ ስፓይደር ሊገዛ የሚሄድ ሰው ቀለሙንም ሞተሩንም ትቶ መጀመሪያ እነሱን ይመልከት። ሞተር ይገዛል፣ ካምቢዮ ይገዛል፣ ወንበር ይገዛል። የበሰበሰ አካል ግን ሰው ይዞ ይቀመጣል።

እኔ ግን ምን አደረግሁ? በዚያው ሳምንት ከእንጨት የተሠራ የሚያምር መሪ ገዛሁ። 240 ዶላር። ፍሬን የሌላት፣ ወለሏ የተቀደደ መኪና አዲስ መሪ ይዛ ሁለት ዓመት ቆመች።

ሁለተኛው ስህተት የባልዲው ነው። በሁለት ቅዳሜና እሁድ ሞተሩን አውጥቼ፣ ፓራፋንጎዎቹን አውልቄ፣ መቀመጫውን፣ ክሩስኮቱን፣ ማርሚታውን፣ ሁሉንም ፈታሁ። መፍታት እንዴት ያስደስታል! ሰው ዐዋቂ የሆነ ይመስለዋል። ብሎኑንና ዳዶውን ሁሉ በአንድ ባልዲ ውስጥ እየጣልኩ፣ «ስገጥመው ቦታውን ራሱ ይነግረኛል» አልኩ። ከአንድ ዓመት በኋላ ባልዲውን ጋራዡ ወለል ላይ ዘርግፌ ስቀመጥ የሚናገር አንድም ብሎን አልነበረም። ከዚያ በኋላ ለፈታሁት ነገር ሁሉ አንድ አንድ የላስቲክ ከረጢት አዘጋጀሁ፤ በላዩም በአማርኛ «የግራ በር፣ የላይኛው ማጠፊያ፣ 3 ብሎን፣ አንዱ አጭር» እያልኩ ጻፍኩ። ፎቶግራፍም ይረዳል፤ ነገር ግን ፎቶግራፍ የብሎንን ርዝመት አያሳይም።

ብየዳውን ተካፈልነው። ወለሉን ራሴ በየድኩ፤ ወለል ጠማማ ቢሆንም ምንጣፍ ይሸፍነዋል። የፊቶቹን ብረቶች ግን ለባለሙያ ሰጠሁ፤ የመኪናዋ እግር የሚሸከመው እዚያ ላይ ስለሆነ መለማመጃ አይሆንም። ከበሮቹ ሥር ያሉትን ደፎች በተመለከተ ግን ጥጋብ ያዘኝ። የግራውን ደፍ በመቁረጫ ቆርጬ አነሣሁት። አዲሱን በይጄ ስጨርስ በሩ አልዘጋ አለ፤ አንድ ጣት የሚያህል ዝቅ ብሏል። ጣሪያ ያላትን መኪና ጣሪያዋ ራሱ ይዞ ያቆማታል፤ ስፓይደር ግን የምትቆመው በወለሏና በደፎቿ ብቻ ነው። ደፉ ሲቆረጥ መሃሏ ጎበጠ። ከመቁረጤ በፊት በበሩ ክፍተት መሃል የብረት ዘንግ በይጄ አስሬያት ቢሆን ኖሮ ምንም ባልሆነች። ያንን ደፍ እንደገና ቆርጬ፣ በክሪክ እየገፋሁ፣ በር እየከፈትኩና እየዘጋሁ ሰባት ሳምንት ፈጀሁበት።

አሁን ወደ አባቴ ልመለስ። አዲስ አበባ ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ ሰማያዊና ነጭ ላዳ ታክሲ ነድተዋል። ማታ ላዳዋን ግቢ ካስገቡ በኋላ ከሥሯ ካርቶን ያነጥፋሉ፤ ጠዋት ከቁርስ በፊት ካርቶኑን ጎትተው ያነብባሉ። ጠብታው ከፊት ከሆነ የሞተር፣ ከመሃል ከሆነ የካምቢዮ፣ ከኋላ ከሆነ የዲፈረንሻል ነው። እኔ ፊደል ከመቁጠሬ በፊት ያንን ካርቶን ማንበብ ችዬ ነበር።

አንድ ምሽት ከስፓይደሯ ሥር በጀርባዬ ተኝቼ የኋላውን ክፍል ሳጸዳ እጄ ቆመ። ጥቅል ሞላዎቹ፣ ከዲፈረንሻሉ ወደ ፊት የሚዘረጉት አራት ዘንጎች፣ አንዷ አግዳሚ ዘንግ... ይህንን አውቀዋለሁ። በልጅነቴ ባትሪ ይዤ ለአባቴ ያበራሁላቸው እዚህ ሥር ነው። ነገሩ ተአምር አይደለም። ፊያት በዚያው በ1966 ከሶቪየት ኅብረት ጋር ተዋውሎ በጣሊያናዊው ኮሙኒስት በፓልሚሮ ቶሊያቲ ስም በተጠራችው ከተማ ፋብሪካ ተተከለ፤ ከ1970 ጀምሮም ፊያት 124ን መሠረት አድርጎ ላዳን ማምረት ጀመረ። ሩሲያውያኑ ለመንገዳቸው እንድትመች ከፍ አደረጓት፣ ብረቷን አጠናከሩ፣ ሞተሯን ለወጡ። ስፓይደርና ላዳ የእኅትማማች ልጆች ናቸው፤ አንዷ ባሕር ዳርቻ ለሽርሽር ሄደች፣ ሌላዋ ከመርካቶ ሽንኩርት አመላለሰች።

ለአባቴ ስልክ ደውዬ በምስል አሳየኋቸው። ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። «ልጄ፣ ለዚህ ነው አሜሪካ የላክንህ?» አሉኝ። ከዚያ ቀጥለው «ካሜራውን ወደ ግራ አድርገው እስቲ» አሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እሁድ እሁድ ሁለት ሆነን መሥራት ጀመርን።

ቋንቋችንም አልከበደንም። የዕቃ ማዘዣ መጽሐፍ ከቱሪን አስመጥቼ ነበር፤ ሙሉ በሙሉ በጣሊያንኛ የተጻፈ። ጣሊያንኛ በሕይወቴ ተምሬ አላውቅም። ገጹን ስገልጥ ግን ጓርኒሲዮን፣ ኩሽኔታ፣ ቴስታታ፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ሞተሪኖ፣ ፍሪሲዮን፤ ሁሉም እዚያ አሉ። እነዚህን ቃላት ከአዲስ አበባው የመኪና ዕቃ ገበያ ከሶማሌ ተራ ነበር የማውቃቸው። እንግሊዝኛ ብቻ የሚያውቁት የሰፈሬ የመኪና ወዳጆች ሥዕል እያመሳከሩ የሚፈልጉትን ዕቃ እኔ በአማርኛ አገኘሁት።

የአባቴ ዕውቀት ያልደረሰበት አንድ ቦታ ነበር፤ እሱም የኋላ ፍሬን። የላዳ የኋላ ፍሬን ታምቡር ነው። ስፓይደር ግን ገና ከ1966 ጀምሮ በአራቱም እግሮቿ ዲስክ ነበራት። አዲሱ የፍሬን ሸራ እንዲገባ ፒስተኑን ወደ ውስጥ መመለስ ያስፈልጋል። የፊቶቹን በማጥበቂያ ጫን ሳደርጋቸው ሰተት ብለው ገቡ። የኋላው አልገባም። «ጫነው፣ ዝጎ ነው» አሉ አባቴ። ጫንኩት። ረጅም ቧንቧ ጨምሬ ጫንኩት። አንድ ነገር ቀጭ አለ፤ ጎሚኒው ተቀደደ፣ ውስጡም ተበላሸ። የእጅ ፍሬኑ የተያያዘው ከዚያው ፒስተን ጋር ስለሆነ ውስጡ ጥርስ አለው፤ የሚገባው እየተጫነ ሲዞር ነው፣ ልክ እንደ ብሎን። ሁለተኛውን ወገን በትክክለኛው መሣሪያ በሦስት ደቂቃ ጨረስኩ። አባቴ ነገሩን ሲሰሙ «እንግዲህ የሀብታም መኪና ነው» ብለው አለፉት።

መብራቱ ላይ ብዙ አልቆይም። የፊት መብራቶቹ ኤሌክትሪክ የሚያልፈው በቁልፍ ማዞሪያው በኩል ስለነበር ማዞሪያው ግሎ ተቃጥሏል፤ ሪሌ (በትንሽ ኤሌክትሪክ ትልቁን የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ) ጨምሬ ሸክሙን አነሣሁለት። ከዚያ በኋላ የቀረው ችግር ሁሉ የማሳ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ በመኪናዋ ብረት በኩል ወደ ባትሪ የሚመለስበት ግንኙነት ነበር። ግራ ፍሬቻ ሳበራ የሰዓት ሰሌዳው መብራት ብልጭ ይል ነበር። የዛጉትን የማሳ መያዣዎች እስከ ንጹሕ ብረት ድረስ በብርጭቆ ወረቀት ፈትጌ መለስኳቸው፤ ግማሹ በሽታ በአንድ ከሰዓት በኋላ ጠፋ። አምፑል ከመግዛት በፊት ማሳ ማጽዳት ይሻላል።

ሞተሩን ስገጥም ግን ፈራሁ። ላምፕሬዲ ቫልቮቹን የሚከፍቱትን ሁለት ካምሻፍቶች ያዞራቸው ጥርስ ባለው የጎማ ቺንጊያ ነው። ላዳ ሰንሰለት ነበራት። አባቴ «ጎማ ለእግር ነው» ብለው አልተዋጠላቸውም። ቺንጊያው ከተበጠሰ ወይም ከምልክቱ ውጪ ከተገጠመ ቫልቭና ፒስተን ሊጋጩ ይችላሉ። ምልክቶቹን አስተካክዬ፣ ቺንጊያውን አጥብቄ፣ ሞተሪኖውን ላስነሣ ቁልፉን ስይዝ ከስልኩ ውስጥ «እጅህን አንሣ!» አሉኝ። «በመፍቻ ሁለት ሙሉ ዙር ሳታዞር ቁልፍ እንዳትነካ።» አዞርኩ። አንደኛው ዙር ለስላሳ ነበር። ሁለተኛው ላይ መፍቻው ለስለስ ባለ፣ ግን በማያወላውል ሁኔታ ቆመ፤ ብረት ብረትን የነካበት ዓይነት አቋቋም። ቺንጊያውን ስስብ በጭስ ማውጫው በኩል ያለው ካምሻፍት ከምልክቱ ሸሽቶብኝ ነበር። ቁልፉን አዙሬው ቢሆን ኖሮ ቫልቮቹ ይታጠፉ ነበር። ከሠራሁት ሥራ ሁሉ በነጻ ያገኘሁትና ብዙ ያዳነኝ ያ ሁለት ዙር ነው።

ሞተሩ የተነሣ ዕለት የሚነገር ነገር አልተፈጠረም። ዌበር ካርቡሬተሩን በትኜ አጽድቼ ስለነበር በሦስተኛው ሙከራ ተነሣ። ባለቤቴ ከውስጥ «ጭሱ!» ብላ ጮኸች።

ገንዘቡን ለሚጠይቀኝ ሰው አልደብቅም፤ ከግዢው ሌላ 9,600 ዶላር ወጥቷል፣ የእንጨት መሪውን ጨምሮ። በዚያው ብር ተሠርታ ያለቀች ስፓይደር ሲሸጥ በዓይኔ አይቻለሁ። በገንዘብ ካሰላነው ሞኝነት ነው።

ባለፈው ሐምሌ አባቴ ሊጠይቁን መጡ። በማግስቱ ጣሪያውን አጥፌ ወጣን። ስለ ቀለሟ አልተናገሩም፣ ስለ መሪውም አልተናገሩም። ከሦስተኛ ወደ አራተኛ ማርሽ ስለውጥ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ያዳምጡ ነበር። አምስተኛ ሳስገባ ዞር ብለው አዩኝ፤ የእርሳቸው ላዳ አራት ነበራት።

ማታ ቡና እየተጠጣ ሳለ አባቴ ከተቀመጡበት ጠፉ። ጋራዡ ውስጥ መብራት አየሁ። የመጽሐፍ መደርደሪያ የመጣበትን ካርቶን በእግራቸው ረግጠው እያስተካከሉ ከስፓይደሯ ሥር ሲያስገቡ ደረስኩ።

«ጠዋት እናየዋለን» አሉኝ፤ መብራቱን አጠፉና ወደ ቡናው ተመለሱ።