መሮን በቆዳ አትጠቅልሉ

ባለሙያ አይደለሁም። ቀን ቀን ቢሮ ነው የምውለው። ማታ ማታና ቅዳሜ ግን ከቤታችን ጀርባ ባለችው ሰርቪስ ክፍል ገብቼ እንጨት እቀርጻለሁ። የእጅ መስቀል፣ ማንኪያ፣ ጉልበቴ ሲችል ደግሞ በርጩማ። ያኔ አንድ ሰው "ተው፣ መሮዎችህን ቆዳ ውስጥ አታስቀምጣቸው" ቢለኝ ኖሮ አንድ ሙሉ ጥቅምት ብረት ስስል ባልከረምኩ ነበር። ማንም አላለኝም። እኔ ግን ልንገራችሁ።

ስጀምር አምስት መሮ ነበረኝ። የቀለም ባልዲ ውስጥ አፋቸውን ወደ ላይ አድርጌ አቆማቸው ነበር። ባልዲ መጥፎ ነው። አንዱን ስታወጡ ከሌላው ጋር ይጋጭና አፉ ይሸረፋል፣ እጅም ይቆርጣል። ከዚህ በላይ የሚባል የለውም።

ከዚያ መሮው በዛ። ምናለሽ ተራ ከአይሱዙ ባሌስትራ መሮ የሚቀጠቅጡ አንድ አዛውንት አሉ። ጋሼ ነው የምላቸው። ከሳቸው ስድስት ገዛሁ። እህቴ ደግሞ ከጀርመን ስድስት ላከችልኝ፤ አፋቸው እንደ ማንኪያ የጎበጠ፣ ሲያዩአቸው የሚያሳሱ። 17 ሆኑ።

ስህተቱ የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው። አንድ ቪዲዮ አየሁ። ፂሙን ያሳደገ ፈረንጅ የቆዳ ጥቅል ጠረጴዛው ላይ ሲዘረጋ መሮዎቹ ተደርድረው ያብለጨልጫሉ። ልቤ ከጀለ። መርካቶ ሄጄ ወፍራም ቆዳ ገዛሁ። ሻጩ "ይሄን እኮ ልጅህ ይወርሰዋል" አለኝ። ጫማ ሰፊ ጋ ወስጄ 17 ኪስ አሰፋሁበት። ሲያልቅ፣ አልዋሽም፣ በጣም ነበር የሚያምረው። ፎቶ አንስቼ ለእህቴ ሁሉ ልኬላታለሁ። የፈረንጁ ክፍል ጥግ ላይ ምድጃ ይነድ እንደነበር ልብ ያልኩት በኋላ ነው።

ሐምሌ 20 ለሥራ ፊልድ ወጣሁ። ከመሄዴ በፊት መሮዎቹን በቅባኑግ ወለወልኳቸው። ዘይት ያው ዘይት ነው ብዬ። ጠቀለልኳቸው፣ በጠፍሩ ጥብቅ አድርጌ አሰርኳቸው፣ ጓሮ በኩል ያለው ግድግዳ ላይ በምስማር ሰቀልኳቸው። ግድግዳው ጭቃ ነው። ከኋላው የጎረቤት ጣሪያ ውሃ ይወርድበታል። ይሄን ሁሉ አውቅ ነበር። የሚያናድደኝም እሱ ነው፤ አለማወቅ እኮ ምክንያት ይሆናል።

ሦስት ሳምንት የተባለው ፊልድ ሁለት ወር ሆነ። የተመለስኩት መስከረም 16 ነው፣ የደመራ ዕለት። ሰፈሩ ችቦ ያስራል፣ እኔ ሰርቪስ ክፍል ገባሁ። ገና በሩን ስከፍት የረጠበ በግ ሸተተኝ። ጠፍሩ አብጦ አልፈታ አለኝ፣ በጥርሴ ነው የፈታሁት። የመጀመሪያውን መሮ ስስበው አልመጣም። ቅባኑጉ ደርቆ እንደ ሙጫ ሆኗል። ታግዬ ሳወጣው አፉ ላይ በርበሬ የተነሰነሰበት ይመስላል። ሁለተኛውም እንደዚያው። አሥራ ሰባቱም። ቆዳው ውስጥ የእያንዳንዱ መሮ ቅርጽ ቡኒ ሆኖ ታትሟል፣ በቀለም የተሣለ ይመስል።

የእህቴን አንዱን ጎባጣ መሮ በአውራ ጣቴ ጠረግኩት። ዝገቱ ተነሳ። ከሥሩ ግን መርፌ የወጋቸው የሚመስሉ ጥቃቅን ጉድጓዶች ቀሩ። መሮ የማያውቅ ሰው "ታዲያ ምን አለበት?" ይል ይሆናል። እንዲህ ያለ አፍ እንጨት ላይ ሲሄድ ማበጠሪያ ያለፈበት ይመስል መስመር እየተወ ነው የሚሄደው። የመስቀል ጌጥ ላይ አስቡት።

ምክንያቱን በኋላ ነው የተረዳሁት። ቆዳ ጥሬ እያለ በጨው ነው የሚቆየው። ፋብሪካ ሲገባ ደግሞ በጨውና በአሲድ ይነከራል። በቅርፊት የሚለፋውም ቢሆን የራሱ አሲድ አለው። ታጥቦም ቢሆን ትንሽ ይቀራል። ከዚያ በላይ ቆዳ እርጥበት ይጠጣል። ክረምቱን ሙሉ ከአየሩም ከግድግዳውም ሲጠጣ ከርሞ ለብረቱ ሲያጎርሰው ነበር። እኔ ደግሞ መውጫ እንዳያገኝ ጥብቅ አድርጌ አስሬዋለሁ። ቅባኑግ ለወጥ እንጂ ለብረት አይሆንም፤ አየር ሲያገኝ ቀስ በቀስ ይደርቅና ይጣበቃል።

እዚህ ላይ ቁጭ ብዬ ባስብ ኖሮ ብዙ አይጎዱም ነበር። ግን የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። አቼቶ ዝገት ያነሳል ሲባል ሰምቻለሁ። ባልዲዋን አመጣሁ፣ ሁለት ጠርሙስ አቼቶ ገለበጥኩባት፣ ስምንቱን የባሰባቸውን ነከርኩ። ጥቂት ሰዓት ነው መቆየት ያለበት። እኔ ደመራ ወጣሁ፣ በማግሥቱ መስቀል ነው፣ ዘመድ ቤት ተጠራን፣ ረሳሁት። ሳወጣቸው ዝገቱ የለም፣ ስለቱም የለም። አፋቸው ተበልቶ ግራጫ ሆኗል። በውሃ ብቻ አለቅልቄ አስቀመጥኳቸው። ቤኪንግ ሶዳ በተበጠበጠበት ውሃ ማጠብና ወዲያው ማድረቅ ነበረብኝ። እስከ ማታ እንደገና ቡኒ ሆኑ።

አሁንም አልበቃኝም። ከጎረቤት ግራይንደር ተዋስኩ። ፍንጣሪው ሲረጭ የሠራሁ የሠራሁ መሰለኝ። ጫፋቸው እንደ ቤንዚን ጠብታ ሰማያዊ ሲሆን እንኳ "ደስ ይላል" ነው ያልኩት። ፋራ!

ስምንቱንም ይዤ ጋሼ ጋ ሄድኩ። አንዱን አንስተው ሰማያዊውን አዩና በሞረድ ጫር አደረጉት። ሞረዱ ቅቤ እንደነካ ገባ፤ ብረቱ ግራይንደሩ ላይ ግሎ ጥንካሬውን አጥቷል።

"ልጄ፣ ምን አደረግኸው?"

"ሳልኩት፣ ጋሼ።"

"አልሳልኸውም። ነፍሱን ነው ያወጣኸው።"

የራሳቸውን አምስቱን እንደገና አግለው ውሃ አጠጡልኝ። ሁለቱ ተሰነጠቁ፣ ሦስቱ ተረፉ። የእህቴን ሦስቱን ግን አልነካም አሉ። "የሰው አገር ብረት ነው፣ ጠባዩን አላውቅም። ሰማያዊው እስኪያልቅ ድረስ በድንጋይ፣ በውሃ፣ በእጅህ ሳል። አትቸኩል።" ጥቅምትን እንዲህ ነው ያሳለፍኩት። ሦስቱም አሁን ይቆርጣሉ። ግን ከወንድሞቻቸው አንድ ጣት ያህል ያጥራሉ።

አሁን እንዴት ነው የማስቀምጠው? አሮጌ የቢሮ ጠረጴዛ መሳቢያ ያለው ገዛሁ። በኩሽና በኩል ካለው ደረቅ ግድግዳ አስጠጋሁት፣ ግን አላጣበቅኩትም፤ እጄን የሚያስገባ ክፍተት አለው። ከሥሩ ብሎኬት አደረግኩ። መሳቢያው ውስጥ የአሮጌ አልጋ ጣውላ አስገብቼ ለእያንዳንዱ መሮ ቦይ ቦይ ቀረጽኩለት። ጣውላው በደንብ የደረቀ ይሁን። አዲስ የተሰነጠቀ ዋንዛ ላይ ብታስቀምጡት ከቆዳው አይሻልም። ጨርቅም አላነጠፍኩም። ጨርቅ ያምራል፣ ግን እንደ ቆዳው ይጠጣል።

ሁሉም ሰው መሮ በስፋቱ ይደርደር ይላል፤ ከ3 ሚሊ ሜትር ጀምሮ ወደ ላይ። እኔ አልስማማም። አብዛኛውን ሥራ የምሠራው በአምስት መሮ ነው። አምስቱ ፊት ለፊት ናቸው፣ ሌሎቹ ከኋላ ይጠብቃሉ። እጀታቸው ላይ የተለያየ ቀለም ክር ጠምጥሜያለሁ፣ ሳላይ በእጄ አውቃቸዋለሁ። ግድግዳ ላይ በግልጽ ስቀሉ የሚሉም አሉ። ደረቅ ግድግዳ ያለው ይስቀል። እኔ የአራት ዓመት ልጅ አለችኝ፤ መሳቢያው ቁልፍ አለው።

ዘይቱ የሲንጀር ዘይት ነው፣ የስፌት መኪና። ርካሽ ነው፣ አይደርቅም፣ አይጣበቅም። ሥራ ሲያበቃ አንድ ጠብታ በጨርቅ፣ በቃ። ከጫማ ካርቶን ውስጥ የሚወጡትን እርጥበት የሚስቡ ከረጢቶችም አልጥልም። መሳቢያው ውስጥ እበትናቸዋለሁ። እነሱም ይጠግባሉ። ሲጠግቡ ፍሬውን ለይቶ በአሮጌ ድስት ማመስ ነው። ሚስቴ በማታበስልበት ድስት! በዚህ አንድ ጊዜ ተጣልተናል።

በክረምት በየእሑዱ መሳቢያውን እከፍታለሁ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ቆዳውን አልጣልኩትም። እናቴ የቤት ቁልፎቿንና መነጽሯን ታደርግበታለች፣ በጣም ወዳዋለች። እህቴ ደግሞ ለጥምቀት ትመጣለች። ባለፈው ስትደውል "መሮዎቹ እንዴት ናቸው?" አለችኝ። "በጣም አሪፍ ናቸው" አልኳት። ሦስቱን አጫጭሮች ከኋላ ነው ያደረግኳቸው፣ ግን መሳቢያውን እሷ ነች ቀድማ የምትከፍተው፤ አውቃታለሁ።