«የለም» አሉኝ

ጎጃም ውስጥ፣ በአንድ ሆስፒታል ኤ አር ቲ (የኤች አይ ቪ መድኃኒት) ክሊኒክ ዳታ ስሠራ የገጠመኝ ነው። ሥራው ቀላል ይመስል ነበር። የታካሚዎቹን ካርድ ከሬጅስተሩ ጋር እያመሳከርኩ ኮምፒውተር ላይ አስገባለሁ። ከዚያ መድኃኒት ከጀመሩበት ቀን አንሥቶ ምን ያህል ጊዜ እንደኖሩ አሰላለሁ። በቃ።

መጀመሪያ ያስቸገረኝ ጳጉሜን ነው። ካርዱ የሚሞላው በእኛ አቆጣጠር ነው፤ ሶፍትዌሩ ደግሞ አሥራ ሦስተኛ ወር የሚባል ነገር ሰምቶ አያውቅም። አንዳንዱ ካርድ ላይ የመጀመሪያው ቀን በፈረንጅ፣ የመጨረሻው በሐበሻ ተጽፏል። መድኃኒት ከመጀመራቸው ሰባት ዓመት በፊት የሞቱ ሰዎች አገኘሁ ብል ታምኑኛላችሁ? እሱ እንኳ በሳምንት ተስተካከለ።

ያልተስተካከለው «ድሮፕ» የሚለው ነው። ቀጠሮው አልፎ ከሦስት ወር በላይ ያልመጣ ሰው እንዲህ ይጻፍበት ነበር። ሞተ አይባል፣ አለ አይባል። እኔ መጀመሪያ እነዚህን ሰዎች ጠቅልዬ ጣልኳቸው። በኋላ ግን ነገሩ ከነከነኝ። አንድ ሰው ሁለት ዓመት ሲመላለስ ቆይቶ ቢጠፋ፣ እነዚያን ሁለት ዓመታት መኖሩን እኮ አውቃለሁ። ያወቅሁትን ለምን እጥላለሁ?

ለዚህ መላ ካበጁት መካከል የሒሳብና የስታቲስቲክስ ሰዎቹ ካፕላን እና ማየር ይገኙበታል። ጽሑፋቸው የወጣው እ.ኤ.አ. በ1958 ነው። አሠራሩ ጭንቅላት የሚያዞር አይደለም። አሥር ሰው ክትትል ላይ ሆኖ አንዱ ቢሞት ዘጠኝ አሥረኛው ተረፈ። ቀጥሎ ሁለቱ ቢጠፉ፣ የተረፈውን ድርሻ የሚያሳየው መስመር አይወርድም፤ ሁለቱ ከቆጠራው ይወጣሉ እንጂ። የቀሩት ሰባት ናቸው። ከሰባቱ አንዱ ሲሞት ስድስት ሰባተኛው ተረፈ። ሁለቱን ማባዛት ነው፤ 77 በመቶ ገደማ ይመጣል። የጠፋው ሰው «ሴንሰርድ» ይባላል። እስከታየበት ቀን ድረስ ተቆጥሯል፤ ከዚያ ወዲያ እንደ ቀሩት ይሆናል ተብሎ ይታመናል። ይቺን እምነት ያዙልኝ።

የእኛን ታካሚዎች መስመር ስዬ ለኬዝ ማናጀራችን፣ ታካሚዎቹን ለሚከታተሉት ሴት፣ አሳየሁ። «እትዬ» ነው የምንላቸው። ራሳቸውም መድኃኒቱን የሚወስዱ ናቸው፤ በ1997 ዓ.ም. በነጻ መሰጠት ሲጀምር ከጀመሩት አንዷ።

«ይኼ መሰላል ምንድን ነው?» አሉኝ።

«ሰው በሞተ ቁጥር አንድ ደረጃ ይወርዳል።»

መነጽራቸውን አስተካክለው አዩት። «አልወረደም እኮ» አሉ።

ከዚያ የድሮፖቹን የካርድ ቁጥር አንድ በአንድ እንዳነብላቸው ጠየቁኝ። ሦስተኛው ላይ ስደርስ አስቆሙኝ።

«እሱ ላይ ምን ብለህ ጻፍክ?»

«ዜሮ።»

«ዜሮ ምን ማለት ነው? አለ ማለት ነው?»

«አይ፣ አላየነውም ማለት ነው።»

«እኔ ተዝካሩን በልቻለሁ!»

መልስ አልነበረኝም። ካፕላን ያን ዘዴ ሲያስብ ቤል ላብስ፣ የአሜሪካ የስልክ ኩባንያ ምርምር ማዕከል ውስጥ ነበር የሚሠራው፤ የሚያሳስበውም ባሕር ውስጥ በሚዘረጋ የስልክ ገመድ ላይ ያሉት፣ ድምፁን የሚያጎሉት የኤሌክትሪክ ቱቦዎች ስንት ጊዜ ይቆያሉ የሚለው ነው። ማየር የሕክምናውን ይዞ መጣ። ለአንድ መጽሔት ለየብቻ ልከውት የመጽሔቱ አዘጋጅ አንድ ላይ ጻፉት አላቸው። የባሕር ቱቦ ግን ሰሊጥ ለማጨድ መተማ አይወርድም። ሲደክመውም ጸበል ሄዶ እዚያው አያርፍም። የእኛ ሰው ይሄዳል፤ የሚሄድበት ምክንያት ደግሞ ከመሞቱና ከመኖሩ ጋር የተያያዘ ነው። ያኔ «እንደ ቀሩት ይሆናል» የሚለው እምነት ይፈርሳል። እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው፣ ሞትን የሚያፋጥነውና የሚያዘገየው ምን እንደሆነ የሚለካው የኮክስ ሞዴልም የቆመው በዚያው እምነት ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ፣ ድሃ አገሮች ላይ የተሠሩ ጥናቶችን ያጠቃለለ ሥራ፣ ከኤ አር ቲ ጠፍተው ተፈልገው ከተገኙት ውስጥ 40 በመቶ ያህሉ ሞተው ነበር ይላል። ይኼንን ያነበብኩት ከእትዬ በኋላ ነው፤ ሀፍረት ቢጤ ተሰማኝ።

እትዬ ካርዶቹን ጠረጴዛ ላይ ለሁለት ከፈሏቸው። ደህና ሆነው መስከረም ላይ የጠፉት ወደ አንድ ወገን፤ እነሱ ሰሊጥ ናቸው፣ ይመለሳሉ። በጀመሩ በሁለት በሦስት ወራቸው፣ ተደግፈው መጥተው የቀሩት ወደ ሌላ ወገን። ስለ እነዚህኞቹ ምንም አላሉም።

ከሁለቱም ክምር የተወሰኑትን በዕጣ አውጥተን መፈለግ ጀመርን። የተገኘው ሰው ላልተፈለጉት መሰሎቹም እንዲቆጠር ክብደት ሰጠሁት። ስልክ የምደውለው እኔ ነኝ፤ ስልክ የሌላቸውን እትዬ በእግራቸው። ተደግፈው መጥተው ለቀሩት ስደውል ብዙ ጊዜ ሌላ ሰው ያነሣል። ማን እንደሆንኩ አልናገርም፤ «እገሌን ፈልጌ ነበር» ነው የምለው። ድምፅ ዝግ ይላል፤ «የለም» ይባላል። «1»፣ ሞቷል ብዬ፣ እጽፋለሁ። መስመሩ በደንብ ወረደ። ጥናቱን የያዘው ሐኪም ደስ አላለውም። እትዬ ግን «አሁን እኛን መሰለ» አሉ።

ኅዳር ላይ አንድ ጠይም ጎልማሳ ካርድ ክፍል በር ላይ ቆሞ ይጨቃጨቃል። ካርዱ መደርደሪያው ላይ የለም። ቁጥሩን ሲናገር ደነገጥኩ፤ ከእኔ ጠረጴዛ ላይ፣ ከሟቾቹ ክምር ውስጥ ነው ያወጣሁለት። ለካ ሲሻለው መተማ ወርዶ፣ መድኃኒቱን እዚያው ጤና ጣቢያ ሲወስድ ከርሟል። ስደውል ያነሣችው እናቱ ናት። የለም አለችኝ፤ እውነቷን ነው፣ ቤት አልነበረም።

እትዬ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ሰውየው ምን እንደሚያስቃቸው ስላልገባው እሱም አብሮ ሳቀ፤ ከፌስታሉ ሰሊጥ ዘግኖ ሰጣቸው። እኔ ኮምፒውተሩን ከፍቼ አንዷን ዜሮ አደረግኋት። ከዚያ «የለም» የተባልኩባቸውን ቁጥሮች ሁሉ አወጣሁና ከመጀመሪያው ጀምሬ እንደገና መደወል ያዝኩ።